የእማሆይ ድንጋይና የአያ ይበልጣል ሞተሪኖ

ባለፈው ኅዳር ለለቅሶ ሞጣ ሄጄ ነበር። ስመለስ ወደ ቢቸና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ የኋላው ወንበር ላይ መታጠፍ አልችልም። ሾፌሩ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ሰው ሞላ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ። አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ዝም።

እንደገና አዞረ። ቀጭ።

“ባትሪ ነው፤ ውረዱና እንግፋት” አለ ረዳቱ።

“ባትሪ አይደለም” አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። “የፊት መብራቱን አብራና ቁልፉን አዙረው። መብራቱ ካልፈዘዘ ባትሪው ደህና ነው።”

ወጣቱ ዞሮ አየኝ። “እማማ፣ በወጣትነትዎ ሾፌር ነበሩ እንዴ?”

ከኋላ ሰው ሳቀ። ልጁ ግን መብራቱን አበራ። ብርሃኑ ፊት ለፊታችን ያለው የሱቅ በር ላይ አረፈ። ቁልፉን ሲያዞር ቀጭ አለ፤ ብርሃኑ ግን ምንም አልሆነም።

“ሞተሪኖው ነው” አለ ራሱ። ከወንበሩ ስር ካቻቢቴ አወጣና ወረደ። ከመኪናው ስር ሊገባ ሲንበረከክ አየሁት።

“ማርሽ ውስጥ ናት ወይ?” ብዬ ጮህኩ።

ጮሄ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ቆመ። ልጁ ተመልሶ መጣ፤ የማርሹን ዘንግ ነካ፤ ነቀነቀው፤ ፊቱ ተለወጠ። ማርሽ ውስጥ ነበረች። አወጣት። ተመልሶ ከስር ገባና አስነሳት። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ዓይኔ ከማርሹ ዘንግ ላይ አልተነሳም።

ነገሩ የሆነው አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። የተወለድኩት ከቢቸና ራቅ ያለ ገጠር ውስጥ ነው፤ እዚያ ትምህርት ቤት አልነበረም። የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ይበልጣል ቢቸና ቤት ተከራይቶ ከሚስቱ ከእታገኝ ጋር ይኖር ስለነበር እነሱ ዘንድ ሆኜ እማር ነበር። አያ ይበልጣል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። መኪናዋ ግን የእሱ አይደለችም፤ ሞጣ የሚኖሩ ሐጂ ኑር የሚባሉ ነጋዴ ናቸው ባለቤቷ። ከቢቸና ጤፍ ጭኖ ይሄዳል፤ ከሞጣ ጨው፣ ጨርቅና ላምባ ይዞ ይመለሳል።

አባቴ ትምህርቴን የፈቀደው ከልቡ አልነበረም። በዚያው መስከረም ለጥር ሠርግ ሽማግሌ የላኩብን ሰዎች ነበሩ። አባቴ እሺም እምቢም ሳይል አቆያቸው። እኔን ቢቸና ያደረሰኝ ዕለት በር ላይ ቆሞ ለአያ ይበልጣል የተናገረውን ሰምቻለሁ።

“አንተ መኪናህን እስከነዳህ ድረስ ትማር። እኔ ልጅ ከተማ ላይ የማስቀምጥበት አቅምም ልብም የለኝም። መኪናው የቀረ ዕለት መጥቼ እወስዳታለሁ።”

“መኪናው አይቀርም ጋሼ፤ እርስዎ ሽማግሌዎቹን ጠላ ያጠጡልኝ” አለ አያ ይበልጣል እየሳቀ።

አባቴ አልሳቀም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከመኝታዬ ሳልነሳ የመኪናዋን ድምፅ አዳምጥ ነበር። ድምፁን ከሰማሁ ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ። ካልሰማሁ በር ላይ ቆሜ አባቴ የሚመጣበትን መንገድ አያለሁ።

ሌሎች ሾፌሮች መኪናቸውን ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ ያቆማሉ። አያ ይበልጣል ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ባለው ቁልቁለት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማታል። ሲወርድ ወደ ደጁ ዞሮ ያማትባል፤ ሲሳፈርም እንደዚያው። የሰፈሩ ሰው በዚህ ይወደው ነበር።

“ይኸ ልጅ መኪናውን ለታቦቱ አደራ ሰጥቶ ነው የሚተኛው” ይሉ ነበር ሴቶቹ። “እንደ ሌሎቹ ጠላ ቤት በር ላይ አይገትራትም።”

ጠዋት ሲነሳ ደግሞ ሞተሩን ሳያስነሳ ዝም ብሎ ይንደረደራል። ሞተሩ የሚጮኸው ታች ድልድዩ ጋ ሲደርስ ነው። እኔ ይህንን ቅዳሴ ላለመረበሽ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። ለክፍሌ ልጆችም እንደዚያ ብዬ አስረድቻለሁ። አንዷ ልጅ አባቷ ዲያቆን ስለነበር ነገሩን ቤቷ ወስዳ አወራችው፤ በሚቀጥለው እሑድ አያ ይበልጣልን ሰዎች ደጀ ሰላሙ ላይ ትከሻውን ሲስሙት አየሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ትሕትና መሰለኝ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሞጣ ይዞኝ ሄደ። ከተማው ስንገባ ሰፊ ሜዳ እያለ አልፎት ሄደና ከአንድ መስጊድ በላይ ያለች ቁልቁለት ላይ አቆማት። ግራ ገባኝ።

“አያ፣ ይኸ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ።”

“አይደለም።”

“ታዲያ ለምን እዚህ አቆምካት?”

መጀመሪያ ሳቀ። መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ መስኮቱን ዘጋው።

“ሞተሪኖው እየሞተብኝ ነው” አለ። “ለማንም እንዳትናገሪ። ለእታገኝም ቢሆን።”

ሞተሪኖ ማለት ትልቁን ሞተር የሚቀሰቅሰው ትንሹ ሞተር እንደሆነ ያን ዕለት ነገረኝ። የናፍጣ ሞተር እንቅልፉ ከባድ ነው፤ በተለይ በብርድ ጊዜ። ቀስቃሹ ከደከመ የሚነሳው በቁልቁለት ወይም በሰው ጉልበት ብቻ ነው። ሐጂ ኑር ደግሞ መኪናዋን ሲያስረክቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቁት፤ አልነሳ ስትልህ ቁልፉን ይዘህ አትቆይ፣ ልቀቀው፣ አሳርፈው፣ እንደገና ሞክር። እሱ አንድ ብርድ የጠናበት ጠዋት ቸኩሎ ቁልፉን ይዞ ቆየ። ከመኪናዋ ስር የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ። ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው እንደ ድሮው አልሆነም።

“አሁን ሄጄ ‘አቃጠልኩት’ ብላቸው ‘የሚሰማኝ ሾፌር አላጣም’ ነው የሚሉኝ። መኪናዋን ተቀበሉኝ ማለት አንቺን…” አለና አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ ረዳቱ ሆንኩ። ሥራዬ ከመኪናዋ ፊት ቆሜ መብራት ማየት ነበር። እሱ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ቁልፉን ያዞራል።

“ፈዘዘ?”

“አልፈዘዘም!” እላለሁ ደስ ብሎኝ። መብራቱ ደምቆ መቆየቱ የምሥራች ነበር የሚመስለኝ። እሱ ግን ግንባሩን መሪው ላይ ይጥላል። መብራቱ ፈዞ ቢሆን ጥፋቱ የባትሪው ወይም የገመዱ ነበር፤ ገመድ ይጠብቃል፣ ባትሪ ይሞላል። መብራቱ እየደመቀ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ግን የታመመው ሞተሪኖው ራሱ ነው። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ስንት ጠዋት እየተፍለቀለቅሁ መርዶ እንደነገርኩት አላውቅም።

አንዳንድ ጠዋት ከስር ገብቶ በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጎ ይመታዋል፤ ያኔ አንድ ጊዜ ይነሳል። “ካርቦኑን በልቶ ጨርሷል” ይል ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝዝዝ እያለ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ትልቁ ሞተር ግን ንቅንቅ አይልም። “ጥርሱ አልነከሰም” ይላል ያኔ።

እንግዲህ ይደክመዋል፣ ይሞቀዋል፣ ካርቦን ይበላል፣ ጥርስ አለው። እኔ በልቤ እንደ ፍልፈል ያለ፣ ጨለማ ውስጥ የሚኖር ነገር አድርጌ ስዬው ነበር። ካርቦን ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማለቁን ግን ሰምቻለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በኪሴ የቀረውን የገብስ ቆሎ ከስር ገብቼ ብረቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

በማግሥቱ አያ ይበልጣል ከመኪናዋ ስር ሆኖ ጮኸ። “ማነው ሞተሪኖዬን ቆሎ ያበላው!”

“ካርቦን ስላለቀበት ነው” አልኩ።

ከስር አልወጣም። እግሩ ብቻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

መኪናዋ ሌላም ችግር ነበረባት፤ የእጅ ፍሬኗ አይታመንም፤ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይለቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ላይ ስትቆም ከፊት ጎማዋ ስር ድንጋይ ያስገባል። ጥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያገኘው ከቅጥሩ ካብ ላይ ነበር፤ ካቡ በአንድ በኩል በክረምቱ ተንዶ ድንጋዮቹ ሜዳ ላይ ወድቀዋል። ወስዶ ተጠቀመበት። ማንም አላየውም ብሎ ነበር።

ከቅጥሩ ጥግ ባለች ጎጆ ውስጥ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ መነኩሲት ይኖሩ ነበር። ትንሽ፣ ጎብጠው የሚሄዱ ሴት ናቸው። እሳቸው አይተዋል። በዚያው ምሽት ድንጋዩን ከጎማው ስር አውጥተው፣ ሆዳቸው ላይ ታቅፈው፣ ካቡ ላይ መለሱት። አያ ይበልጣል ጠዋት መጥቶ ድንጋዩን ሲያጣው ደነገጠ። በቀኑ መጨረሻ እንደገና ወሰደው፤ እንደገና መለሱት።

“እማሆይ፣ ኧረ ሰው ይሞታል! ይኸ እኮ መኪና ነው!”

“ወንዝ ወርደህ ድንጋይ አምጣ፤ ማን ከለከለህ? ይኸ የታቦቱ ነው። ወደዚህ ደጅ የገባ ነገር አይወጣም። ጧፍም ይሁን ድንጋይ።”

“ወድቆ ያገኘሁት ነው እኮ።”

“አንተም አንድ ቀን ትወድቃለህ። ማንም መጥቶ አያነሳህም።”

እዚያ ቅጥር ውስጥ ቅኔ የሚማሩ ተማሪዎች ከጎጇቸው ደጃፍ ሆነው ይስቁበት ነበር። እሱም ከወንዝ ድንጋይ አመጣ፤ የወንዝ ድንጋይ ግን ድቡልቡል ነው፣ ጎማ ሲጫነው ይሸሻል። በመጨረሻ ሌላ ዘዴ ያዘ። መኪናዋን ሲያቆማት የኋላ ማርሽ ውስጥ ያስገባታል፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ወደ ታች አትንሸራተትም። ሲነሳ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሹን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ፔዳል፣ ይረግጥና ይንደረደራል። ይህንን ሲያሳየኝ ደስ ብሎት ነበር። “እማሆይ ድንጋያቸውን ይታቀፉ እንግዲህ” አለ።

ከዚያ በፊት አንድ ምሽት እማሆይ ድንጋዩን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ ደርሼባቸው በአንድ በኩል ይዤላቸዋለሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ እሳቸው ግን ደጋግመው ያርፋሉ።

“የማን ልጅ ነሽ?”

ነገርኳቸው።

“የዚያ ሌባ የእህት ልጅ ነሽ?”

“አዎ።”

“ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ?”

እሄዳለሁ አልኩ። ከዚያ ለእታገኝ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳቸው፤ መኪናዋ ከቀረች አባቴ መጥቶ ለጥር ሠርግ እንደሚወስደኝ። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ምናልባት ከባድ ነገር አብረን ስለያዝን ይሆናል። እማሆይ ካቡ ጋ ስንደርስ “ጣትሽን እንዳይቀጠቅጥሽ፣ ቀስ አድርገሽ አስቀምጪ” ብቻ አሉኝ።

በታኅሣሥ፣ በገበያ ቀን፣ ሐጂ ኑር በሌላ መኪና ቢቸና መጡ። እህል ሲያዩ ውለው ከሰዓት በኋላ ከአያ ይበልጣል ጋር ወደ ሞጣ እንደሚመለሱ ሰው ላኩበት። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

ቁልቁለቱ በሰው ተሞልቷል። ገበያው ከታች ጠቦ ሰዉ እስከ መኪናዋ አፍንጫ ድረስ ተቀምጧል፤ ጌሾ የሚሸጡ ሴቶች፣ የታሰሩ አህዮች፣ የጤፍ ስልቻዎች። ወደ ታች መንደርደር አይቻልም። ሐጂ ፊት ሰው ጠርቶ ወደ ኋላ ማስገፋት ደግሞ ሁሉን መናገር ነው።

“ጋቢና ግቢና ተቀመጪ” አለኝ። “ሐጂ ሲመጡ ጥሪኝ። ከስር ብረቶቹን በካቻቢቴ አገናኝቼ አስነሳታለሁ። ሲደርሱ ተነስታ ትጠብቃቸዋለች።”

ጠዋት ደብረ ወርቅ ደርሶ ተመልሶ ስለነበር ሞተሯ ገና አልበረደም። ተቀመጥኩ። እግሬ መሬቱን አይነካም። እሱ ከፊት ጎማው ጀርባ ገብቶ ተኛ፤ ከወገቡ በታች ያለው ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ድንጋይ ይጠቀም በነበረ ጊዜ መኪናዋ ከማርሽ ውጭ ነበር የምታድረው፤ ከስር ሲገባባትም የለመደው ያንን ነው። ያን ዕለት የማርሹን ዘንግ አልነካም። ዘንጉ ከጉልበቴ አጠገብ ነበር፤ አየሁት፤ ምንም ትርጉም አልሰጠኝም።

ሐጂ ኑርን በሰው መካከል አየኋቸው። ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው ዳገቱን ይወጣሉ።

“አያ፣ መጡ!” አልኩ።

ከስር ጭርጭር የሚል ድምፅ መጣ፤ መኪናዋ እንደ በሬ ተወራጨች፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። እኔ ልጮህ ነበር፣ ከደስታ። ያለ ቁልቁለት ተነሳች! ከዚያ ፊት ለፊቴ ያሉት ሰዎች ወደ ታች መሄድ ጀመሩ። ጌሾ ሻጮቹ ሳይነሱ፣ እንደተቀመጡ ከእኔ ይርቃሉ። አህዮቹም ይርቃሉ። ገበያው ሁሉ ዝም ብሎ ቁልቁል የሚንሸራተት መሰለኝ።

የምንሄደው እኛ ነበርን። ወደ ኋላ፣ ሽቅብ።

አያ ይበልጣል ሲጮህ ሰማሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። መሪው ማንም ሳይነካው ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይላል። ከታች ያሉት ሰዎች አፋቸውን ከፍተዋል፤ አንዲት ሴት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ማማተብ ጀምራ አልጨረሰችውም። እኔ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ እጄን አላላቀቅሁም። ከዚያ ከኋላ ድንጋይ ሲናድ ሰማሁ። ጭንቅላቴ ከኋላዬ ካለው ብረት ጋር ተጋጨ። ሞተሩ ጠፋ።

አቧራው ሊያርፍ ሲል በሩ ተከፈተ። እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል። የተናደው ካብ እግራቸው ስር ደርሶ ቆሟል፤ ከእሳቸውና ከመኪናዋ ጀርባ መካከል አንድ ሰው እንኳ አያስቆምም ነበር። ካቡን ሲጠግኑ ስለነበር በአንድ ክንዳቸው አንድ ድንጋይ ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

“ብቻሽን ነሽ?” አሉኝ።

“አዎ።”

“ሾፌሩስ?”

ወደ ታች ጠቆምኩ።

ያኔ ነው እልልታው የተነሳው። አንዲት ሴት ጀመረች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ሁሉ። ሾፌር የሌላት መኪና ፊቷን ሳታዞር ሽቅብ ተጉዛ ወደ ደጁ ደርሳለች፤ ሕፃን ይዛለች፤ ሕፃኗም አልተነካችም። ሰዎች መሬት ላይ ተደፉ። የቅኔ ተማሪዎቹ እየሮጡ መጡ። እኔ ግን ከእልልታው በታች የአያ ይበልጣልን ጩኸት እሰማለሁ። ሰዎች ለምን እልል እንደሚሉ አልገባኝም ነበር። ከታች የሚጮህ ሰው መኖሩን የሚያውቁ አይመስሉም።

ወደ እሱ የሮጡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሐጂ ኑር። ጆንያውን ጥለው፣ ጋቢያቸውን ቀደው እግሩን አሰሩለት። ጎማው ከጉልበቱ በታች ሄዶበታል። እማሆይ እጄን ይዘው አወረዱኝና ደረስን።

“ሐጂ… ሞተሪኖው…” አለ አያ ይበልጣል። ላቡ ይንጠባጠባል።

“ዝም በል፤ አትናገር።”

“አቃጠልኩት። አልነገርኩዎትም…”

“ከመስቀል ጀምሮ አውቃለሁ” አሉ ሐጂ ኑር። “ሞጣ ላይ መኪናህን ያልገፋ ልጅ አለ እንዴ? ዝም በል አልኩህ።”

“ያውቃሉ?”

“እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።”

ጆንያው ከወደቀበት ተፈትቶ ነበር። ውስጡ የነበረው ነገር ግማሹ በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለ ወጥቷል፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ የሚያበራ ብረት። ሐጂ ይዘውለት የመጡት አዲስ ሞተሪኖ ነበር። አያ ይበልጣል አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ አፈሩ አዞረ፤ ወጌሻ እስኪመጣ ድረስ አላቀናውም። እኔም አየሁት። ዓይን የለውም፣ አፍ የለውም። ጥርስ ብቻ ነበረው።

አያ ይበልጣልን በቃሬዛ ወደ ገጠር ወሰዱት፤ እታገኝም አብራ ሄደች፤ ቤቱ ተዘጋ። እኔ ፈተና እስክጨርስ ብለው እማሆይ ጎጆ ውስጥ አቆዩኝ። ሐጂ ኑር ሌላ ሾፌር ላኩ። እሱም አዲሱን ሞተሪኖ አስገባና ቁልፉን አዞረ፤ ያለ ቁልቁለት፣ ያለ መዶሻ፣ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ለማያውቅ ሰው ተራ ነገር ነው። እኔ ከጎጆዋ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። መኪናዋ ተነስታ እያለ አባቴ የሚመጣበትን መንገድ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አዲሱ ሾፌር በማግሥቱ ጭኖ ሊሄድ መኪናዋን ከካቡ አርቆ እዚያው ቁልቁለት ላይ አቆማት። አባቴ የመጣው በዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ትከሻው ላይ ስልቻ፣ እጁ ላይ ዱላ ይዟል። እማሆይን እጅ ነሣ።

“ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ጠበቁልኝ።”

እማሆይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅሙ ነበር። አልተነሱም።

“ከየት ነው የምትወስዳት?”

“ከዚህ፣ ከእርስዎ ዘንድ።”

“እኔ አላመጣኋት። ማን አመጣት?”

“መኪናው ነው አሉ።”

“መኪናውን ማን ነዳው?”

አባቴ ወደ መኪናዋ አየ። ወሬው ገጠር ድረስ ደርሶታል። ውኃ ሊቀዱ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው ነበር፤ “ማንም!” አለች አንዷ። “በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም አልነበረበትም!”

“እንግዲህ” አሉ እማሆይ ምስሩን እየነፉ፣ “ያለ ሰው እጅ ወደዚህ ደጅ የመጣን ነገር እኔ ለሰው አሳልፌ አልሰጥም። ወደዚህ የገባ አይወጣም። አይ ካልክ በሩ ያው፤ ግባና ራሱን ጠይቀው።”

አባቴ ወደ ደጀ ሰላሙ ዞረ። ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥቷቸው እንደመጣ በኋላ ሰምቻለሁ። ዱላውን ካቡ ላይ አስደግፎ ሄደ፤ የበሩን መቃን ሳመ፤ ተመልሶ መጣ። ስልቻውን ከትከሻው አውርዶ እማሆይ እግር ስር አስቀመጠው።

“ለስንቋ ይሁን” አለ። እኔን ጭንቅላቴን ነካ አደረገኝና ሄደ። ወደ ኋላ አልዞረም።

ሴቶቹ እስኪሄዱ ድረስ እማሆይ ምስራቸውን ይለቅሙ ነበር። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ። እኔም ተአምር ነው ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር።

“ይበልጣል ማርሹን ረስቶት ነው፤ አይደል?” አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ደነገጥኩ። አባቴ ሲመጣ እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም።

“አዎ” አልኩ። “የኋላ ማርሽ ውስጥ ነበረች።”

“ለምን ማርሽ ውስጥ ያሳድራታል?”

“ድንጋዩን ስለሚወስዱበት።”

የእማሆይ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

“ድንጋዩን ስለምወስድበት” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጠው፣ “በይ ውኃ ቅጂ፤ ነገ ትምህርት አለሽ” አሉኝ።

ጠዋት ደብተሬን ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ መኪናዋ ገና እዚያው ነበረች። ከፊት ጎማዋ ስር ማታ ያልነበረ የካቡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቷል። አዲሱ ሾፌር ገና አልመጣም። እማሆይ ቅዳሴ ላይ ነበሩ።